በሰባትና በስምንት ቁጥር ካሜራ መካከል

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ሥራ እንደ ወትሮው። አሥራ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ የቀዘቀዘ ሻይ። የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት የኔ ነው። ስንቱን ቦርሳ፣ ስንቱን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ አየሁ... ሕጉ ቀላል ነው። አዋቂ ያልያዘው ልጅ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ከካሜራ ከተሰወረ ይመዘገባል። ሦስት ጊዜ የተመዘገበ እንክብካቤ ቤት ይገባል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አምስት ልጆች በሰባት ቁጥር ካሜራ አለፉ። ስምንት ቁጥር ላይ ለመድረስ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ብቅ ያሉት ግን በዘጠኝ ደቂቃ። ኮምፒውተሩ አልጮኸም። ለምን ይጮኻል? ዐሥር አልሞላም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሪዛሙ፣ "ምን ሆነሻል? ስክሪኑ ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ?" አለኝ። ዓይኔን ደከመኝ አልኩት።

ጥቅምት 8

ቀኑን ሙሉ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ስል ዋልኩ። እንዲህ ቆጥሮ የሚሄድ ልጅ ምን ቢኖረው ነው?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ደገሙት። ዘጠኝ ደቂቃ። ምስሉን አስጠጋሁት። ፊት ፊት የምትሄደው፣ ቦርሳዋን ባንድ ትከሻ ያንጠለጠለችው... ፌንጣ ናት። የገዛ ልጄ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዓይንም ያው ነው ለካ። ባለፈው ሐሙስም እሷው ነበረች፤ ጀርባዋን እያየሁ አላወቅኳትም።

ልመዝግብ? ምኑን? ሕግ አልጣሰችም።

ጥቅምት 15

ራት ላይ ጠየቅኳት። "ትናንት በየት በኩል መጣሽ?"

"አይተሽኝ የለ? ምን ትጠይቂኛለሽ?"

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ይሄን አመላለስ ከየት አመጣችው... ከኔው ነዋ።

ትንሽ ቆይታ ከደብተሯ መሀል የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ልጆቹ የሚቀባበሉት ጨዋታ ነው አለች። በየገጹ ምርጫ አለው፤ እንደ ምርጫሽ ትሄጃለሽ። ይሄኛውን ለኔ ብላ ነው የጻፈችው። "ለአለቆችሽ የምትነግሪ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሚ። የማትነግሪ ከሆነ ገልብጪ።"

ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን ሰሃን ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ ገለበጥኩ።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአሮጌው ልብስ ማጠቢያ ኋላ። ሰው ይዘሽ ከመጣሽ ማንንም አታገኚም።"

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ወጣሁ። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። መጨረሻው የእንክብካቤ ቤቱ የጓሮ ግድግዳ ነው። ከታች ጡጫ የሚያክል የአየር ቀዳዳ። ፌንጣ ተንበርክካ የዛሬውን የሒሳብ ትምህርት ወደ ቀዳዳው ታነባለች። ከውስጥ የልጅ ድምፅ ይቀበላታል። ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዷ ሰዓት ይዛለች።

"ሰው አለ እንዴ?" አለች የውስጧ።

"እናቴ ናት።"

"ካሜራዋ?"

በልጆች ዘንድ ስሜ ይሄ ነው ለካ።

ድምፁን አወቅኩት። ድምቡሼ ናት፣ የፎቃችን ልብስ ሰፊ ልጅ። ሰኔ ላይ ከእንክብካቤ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ተዛውራለች ተብሎ ለእናቷ ተነገራት። ሦስቱንም ጊዜ የመዘገብኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ጊዜ ድመት ስትከተል ነበር። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ።

"እዚህ ስድስት ነን" አለች። "ለእትዬ ንገሪልኝ። እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም በያት።"

እሺ ማለት አቃተኝ። ፌንጣ፣ "እሺ ብላለች" አለችልኝ።

ጥቅምት 22

የልብስ ሰፊዋ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ።

ጥቅምት 24

ነገርኳት። ሁሉንም። እኔ መሆኔንም።

እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጥ አላቆመም። ጨርቁ አልቆ መርፌው ባዶውን ይወጋል። ከዚያ ከመሳቢያ ከልጇ መጡ የተባሉ፣ በኮምፒውተር የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች አወጣች።

"'ውድ እናቴ' ይላል። ልጄ እናቴ ብላኝ አታውቅም። እትዬ ነው የምትለኝ። እብድ ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።"

ይቅርታ ልል ስል በእጇ አስቆመችኝ። "እሱን አሁን ተይው። ሐሙስ ዋናው በር ላይ እቆማለሁ። ልጃችሁ ተዛውሯል የተባሉትን ሌሎቹን ወላጆችም ፈልጌ አመጣለሁ። አንቺስ... ከወንበርሽ ሆነሽ ታዪናለሽ?"



ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

የእንክብካቤ ቤቱ ዋና በር በሚታይበት በስምንት ቁጥር ላይ መጡ። ስምንት ሰው። ፊት ልብስ ሰፊዋ፣ ደብዳቤዎቹን ይዛ። አዋቂ ሲሰበሰብም መመዝገብ ግዴታ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ሪዛሙ፣ "ትመዘግቢያለሽ ወይስ እኔ ልመዝግብ?" አለ።

"እንደ ወደድክ።" ጃኬቴን አነሳሁ።

"ወዴት ነው?"

"ስምንት ቁጥር ላይ ታየኛለህ።"

ስደርስ ጥበቃው፣ "እዚህ ልጅ የለም፤ ሁሉም ተዛውረዋል" እያለ ነው። ልብስ ሰፊዋ አልተከራከረችውም። ቀና ብላ ልጇን ጠራች፣ ለምሳ እንደምትጠራት አድርጋ።

"አቤት፣ እትዬ" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ኋላ መጣ።

ከዚያ አንድ አባት ጠራ። ሌላዋ እናት ጠራች። ስድስት ጊዜ አቤት ተባለ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ጥበቃው መሬት መሬት ያያል።

ጥቅምት 29

መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። "ማን ነገረሽ?" አለች ኃላፊዋ። "አየሁ። ሥራዬ ማየት አልነበረም?" አልኳት። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ትናንት ሪዛሙ አልመዘገበም አሉ። ሪዛሙ ከማለት በቀር ስሙን እንኳን ጠይቄው አላውቅም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ድምቡሼ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። ሦስት ልጆች አብረዋት ወጥተዋል። ሁለቱ ወረቀታቸው አላለቀም ይላሉ፤ የምን ወረቀት? ዛሬም እንደየሐሙሱ በሩ ላይ ቆመን ጠራን። ሁለቱም መለሱ። አሁን ሃምሳ እንሆናለን።

አሁን ሥራዬ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ነው። ድምቡሼ ስገባ ትወጣለች። አልፈርድባትም። እናቷ ታናግረኛለች፣ ስለ ክርና ስለ መርፌ ብቻ።

ፌንጣ ከበሩ መልስ "መጣሁ" ብላ ሄደች። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። የት እንዳለች የማይበት ስክሪን የለም። ሦስቴ ደረጃው ድረስ ወጣሁ። እናቶች ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚውሉት?

ጫማዋን በር ላይ ስታራግፍ ሰማሁ።

"የት ዋልሽ?" አልኳት።

ፊቴን አየችኝ። እውነትም እንደማላውቅ ሲገባት ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ነገረችኝም።