ስም የሌለው ጠያቂ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስምንተኛ ቢ፣ ሂሳብ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። መስኮቱን ስከፍተው የመርካቶ ጡሩምባ ይገባል፣ ስዘጋው የስልሳ ልጅ ላብ። ዛሬ ጡሩምባውን መረጥኩ።

ታብሌት መጣልን። ርዕሰ መምህራችን አቶ ከተማ እንደ ሙሽራ ለብሰው አደሉ። "ባይነሽ፣ ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ ይልካሉ፤ ከሰሌዳው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ ይወጣልሻል" አሉኝ። ስም ሳይጽፉ? የኔ ልጆች? አቶ ከተማ ልጅ ሆነው አያውቁም መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ጥያቄ። አሥራ አንዱ "እረፍት መቼ ነው?" አንዱ "ቲቸር፣ ቀሚስዎ አዲስ ነው?" (አዲስ ነው። ማን እንዳየው ባውቅ ማርክ እጨምርለት ነበር።) አንዱ ግን...

"ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?"

"ሕግ ነው" አልኩ። ወዲያው ሌላ መጣ፦ "ሕጉን ማን አወጣው?"

ክፍሉ አውካካ። ደወል አዳነኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

የመምህሩን መምሪያ አገላበጥኩ። እሱም ሕግ ነው ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩት... ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝማ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስም የለሹ ዛሬም አላስቀመጠኝም። "በዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?" ሱፍያን ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ፊት ተቀምጦ አፉ የማያርፈው እሱ። በክፍሉ ፊት አመሰገንኩት። "ምንም አይደል ቲቸር" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ጨዋ ልጅ።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ጨዋ አይደለም፣ ቀጣፊ ነው። ዛሬ ሱፍያን ቀርቷል፤ የኔጌቲቩ ጥያቄ ግን እንደገና መጣ። በወንበሮቹ መሀል ቀስ እያልኩ ሄድኩ... የመጨረሻው ረድፍ፣ ጥያቄው የተጻፈበት ታብሌት። ሱንዱስ! በሁለት ዓመት ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ።

ዝም ብዬ ብመለስ ምን ነበረበት? ደስታዬ አፌን ቀደመው። "ሱንዱስ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? በይ ተነሺና ጥያቄሽን ለክፍሉ አስረጂ!"

ተነሳች። "ኔ... ኔ... ኔ..."

ለካ ዝምታዋ ለዚህ ነው። ትንተባተባለች። ስክሪኑ ላይ አንዱ ጻፈ፦ "ኔትወርክ የለም።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም... እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሳቅ አመለጠኝ። አየችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሦስተኛ ቀን፣ ወንበሯ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ "እረፍት መቼ ነው?" ብቻ።

ሱፍያን ቢሮ ድረስ መጣ። "ቲቸር፣ ጥያቄዎቹ የኔ አልነበሩም።"

"አሁን ትዝ አለህ?"

"ሲያመሰግኑኝ ደስ ስላለኝ ነው።"

ምን ይሉታል? የሱንዱስ እናት ሱቅ የት እንደሆነ እሱ ነገረኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መርካቶ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ተራ። ተሸካሚዎች "ዞር በሉ እናት!" እያሉ ሁለቴ ከግድግዳ አጣበቁኝ። የሱንዱስ እናት ወይዘሮ ረሂማ በሳፋ ክምር መሀል ቆመዋል። ልጅቷ ከጀሪካኖቹ ጀርባ፣ ካርቶን ላይ።

"ትምህርት በቃኝ፣ ሱቅ እሠራለሁ ብላለች" አሉኝ። "ምን አገኛት? ታብሌቱ የመጣ ሰሞን 'ዛሬ ቲቸርን አስጨነቅኳት' እያለች ስትስቅ ነበር የምትገባው።"

አስጨነቅኳት?!

ወንበር ሰጡኝ፣ አልተቀመጥኩም። "ሱንዱስ፣ ሳልጠይቅሽ አስነሳሁሽ። ስቄብሻለሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ሲስቁ አ... አይቼዎታለሁ።" ጊዜ ወሰደባት። ጠበቅኩ። "መ... መልሱንም አልነገሩኝም።"

"አላውቀውም።"

ለተማሪ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሰማይ አልተደፋም።

ተነሳችና የተቀመጠችበትን ካርቶን ገልብጣ አሳየችኝ። በማርከር ተጽፎበታል። ሦስት በኔጌቲቭ ሁለት፣ ኔጌቲቭ ስድስት። ሁለት በኔጌቲቭ ሁለት፣ ኔጌቲቭ አራት። አንድ ሲሆን ኔጌቲቭ ሁለት። ዜሮ ሲሆን ዜሮ። መልሱ በሁለት በሁለት እየጨመረ ይመጣል! ቀጥሎ ያለው ኔጌቲቭ አንድ ነው፤ መልሱ ፖዘቲቭ ሁለት ካልሆነ ደረጃው ይሰበራል።

"ከታብሌቱ አገኘሽው?"

"ራ... ራሴ።"

"ካወቅሽው ታዲያ ምን አስጠየቀሽ?"

"እርስዎ ያ... ያውቁ እንደሆነ ላይ ብዬ።"

ወይዘሮ ረሂማ በሻርፓቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ የት ልግባ?

ተስማማን፣ ሰኞ ትመጣለች። ውሉን እሷ አወጣችው፦ እጇን ካላወጣች አላስነሳትም፤ ካወጣች እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

መጣች። ለክፍሉ "ያን ዕለት ከሳቁት መሀል አንዷ እኔ ነበርኩ። ነውር ነው፣ የኔ ደግሞ ይብሳል" አልኩ። ቆይቶ ስክሪኑ ላይ፦ "የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ሱንዱስ።" ስም የለውም። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከመጨረሻው ረድፍ ሱንዱስ መልስ ጻፈች፦ "ኔትወርክ መጥቷል።"

ይህኛውን ሳቅ እንኳ ሁላችንም በደንብ ሳቅነው።

ሐሙስ፣ ህዳር 4

ስሌት እየሠራሁ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ዞር ስል ሱንዱስ እጇን አውጥታለች። ታብሌቷ ጠረጴዛው ላይ፣ ተዘግቶ።

ጠበቅን። ረጅም ነበር። ሱፍያን እንኳ አፉን ያዘ።

"ቲ... ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተ... ተሳስተዋል።"

አየሁት። የመቀነስ ምልክቷን ረስቻለሁ። ጠመኔውን ሰጠኋትና ሄጄ እሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሆነው ሲያዩት ሰሌዳው ለካ እንዲህ ሩቅ ነው።