በጁላይ ስለተደፈነው የብርድ ወራት ጅረታችን

ለተከበሩ የአውራጃችን የመንገድና የውሃ መውረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናን፣ ለቢሮዎ ሙቀትን፣ ለምንጣፍዎም ድርቀትን እመኛለሁ። ሄስተር ጎሎፕ እባላለሁ። ከዊንተርበርን ፔቨሬል ሰፈር ዘጠኝ ቤቶች ሁሉ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ቤት፣ በስትሮክ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ባለቤቴ ከክላረንስ ጋር እኖራለሁ። አልጋው ታች፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃ በጣም እፈራለሁ።

አንደኛ፣ መሐንዲስዎ በጁላይ ሙቀት እዚህ ድረስ መጥተው ስለጎበኙን እናመሰግናለን። በግ የሚግጥበት ደረቅ ቦይ አይተው «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለው መዘገቡት፤ በሳምንቱም የጭነት መኪና መዞሪያ እንዲሆን በአፈርና በጠጠር አስደፈኑት። የሰፈራችን ስም በብርድ ወራት ብቻ የሚፈስ ጅረት ማለት መሆኑን፣ ስሙም መግቢያችን ላይ በትልልቁ መጻፉን በሥራ ብዛት ሳያስተውሉ እንዳለፉ እገምታለሁ።

ሁለተኛ፣ ጅረቷን እኛ «እሷ» ነው የምንላት። የሙቀቱን ወራት ከኮረብታው ሥር ትተኛለች፣ በኖቬምበር ትነሳለች፤ ቀድሞ ያያት ሰው የዘጠኙንም ቤት በር እያንኳኳ ይናገራል። መንገዷ ላይ የማገዶ ክምር እንኳ የሚያኖር የለም። በ1852 አንድ ባለወፍጮ ገድቧት ነበር፤ የጸሎት ቤቱን ግድግዳና ሁለት እህትማማቾችን ይዛ ሄደች። ስማቸው መቃብራቸው ላይ ስላለ መዝገብ በማገላበጥ አይድከሙ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሬጂ ስቲክላንድ አንኳኳ። «ሄስተር፣ መጥታለች። ግን መንገዷ ላይ የለችም» አለኝ። «ታዲያ የት ገባች?» ብዬ ብጠይቀው ወደ እግሬ አየ። ውሃው በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ እየወጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ትሁት ልጅ «እማማ፣ ካርታው ላይ እኮ እዚያ ውሃ የለም» ብላ አጽናናችኝ። ካርታዎን ማመን እፈልጋለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ግን እምቢ አለኝ።

የክቡርነትዎ አክባሪ፣ ጫማዋን ፈልጋ ያጣች፣
ሄስተር ጎሎፕ

ማስታወሻ፦ ልጅቷ ክላረንስን ወደ ላይኛው ፎቅ እንድንወስደው መክራናለች፤ ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። እሱ ዘጠና ኪሎ ነው፤ እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሬጂ ሰማንያ አንድ፣ ደረጃው ደግሞ አሥራ አራት። የነፍስ አድን ሰዎች መንገዱ ተቆርጦባቸው ጀልባ እየጠበቁ ነው አሉ። እኛ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አቅም አልቆብን ተቀምጠናል፤ ይህንንም በስልኬ የምጽፈው በአንድ እጄ ክላረንስን ደግፌ ነው። ሁለተኛው ደረጃ አሁን አይታይም።