ማክሰኞ ላይ ያስቀመጥሽው ወረቀት

ጥሩዬ፣

ዳዊትሽን ከሰኞ እስከ እሑድ ወረድኩት። እሺ፣ አትሳቂብኝ፤ የጨረስኩት ሰኞን ነው፣ ማክሰኞን ደግሞ ጀምሬያለሁ። ግን ማን ያምናል? ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ባልሽ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ማታ ማታ ፊደል ቆጥሮ፣ ይኸው ደብዳቤ ይጽፍልሻል።

ከተማችን አውሮራ ያው ነው። ልጃችን ሊያ ወንበርሽን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። በረዶ ሲጥል ብርሃኑ እዚያ ላይ ያርፋል፤ አንዳንዴ የተቀመጥሽ ይመስለኝና እንዳልረብሽሽ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።

ሥራ የለኝም። ሆስፒታል አንቺ አጠገብ የከረምኩትን፣ እሠራበት የነበረው የኮሜርስ ሲቲው መጋዘን “ያለ ፈቃድ ሥራውን ትቶ ሄደ” ብሎ ጻፈብኝ። ፈቃድ የሰጠኝ አለቃ ደግሞ ከዚያ ለቅቋል። አንኢምፕሎይመንቱን፣ የሥራ አጡን ድጎማ፣ ከለከሉኝ፤ ይግባኝ አልኩ፤ ዳኛው በስልክ ሰማኝ። ያለዎትን ወረቀት ሁሉ አይተዋል ወይ ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። እኔ መቼ ዝቅ ብዬ አውቃለሁ፤ አንድም ሳይቀር አንብቤያለሁ አልኩት። ተፈረደብኝ። ከሁሉም ያንገበገበኝ “ትቶ ሄደ” የሚለው ነው። አንቺ ጋ ነበርኩ እኮ።

ትዝ ይልሻል? እጅሽ ሲደክም ዳዊቱን እኔ እይዝልሽ ነበር። ጣትሽ ነካ ሲያደርገኝ ገጽ እገልጣለሁ። ነርሷ ስትገባ፣ እያነበብኩላት ነው እላለሁ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ በከንፈርሽ ብቻ ትስቂያለሽ፤ አንድ ቀንም አላጋለጥሽኝም።

ባለፈው ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ስሄድ የዳዊቱን ማክሰኞ ገለጥኩ። የታጠፈ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ጀርባው ላይ የእጅ ጽሑፍሽ አለ፦ “የአለቃው ፈቃድ ነው። እንዳይጠፋ።” ፊደል በፊደል ለቀምኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ያንቺ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሱቆቹ በመስኮቱ እንደ ውሃ ሲያልፉ አያለሁ እንጂ የት እንዳለሁ አላውቅም። ጣትሽ እስኪነካኝ ስጠብቅ የምወርድበት አለፈኝ።

ሊያ የፊቱን እንግሊዝኛ አነበበችው። ሚስቱ እስኪሻላት አጠገቧ ይሁን ይላል፤ የአለቃው ፊርማ አለበት። “ዳዲ፣ ይሄ እኮ ኤቪደንስ ነው” ብላ ተነሳች። ይግባኙ በአዲስ ማስረጃ እንደገና እንዲከፈት የሚጠይቀውን ፎርም ሞላን። ለምን ቀድሞ አልቀረበም የሚል ጥያቄ አለው። ሊያ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ዕድሜ ልኬን ስሸሽገው የኖርኩትን አስጻፍኳት፦ ማንበብ አልችልም ነበር። ከሥሩ ስሜን ራሴ ጻፍኩ። ትንሽ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ግን ይነበባል።

ትናንት መልሱ መጣ፤ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ምን እንደሚወስኑ እንጃ። በዚህኛው ግን ባዶ እጄን አልቀርብም፣ አንቺ ያስቀመጥሽልኝን ይዣለሁ። ዳዊቱንም ካቆምሽበት እቀጥላለሁ፤ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አስታውስሻለሁ።

ለዳኛው ያስጻፍኩት እውነት ነው። ላንቺ ግን አንድ ነገር ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ወረቀቱ አልወደቀም። ከቀብርሽ ማግስት ጀምሮ ጫፉን አየው ነበር፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ያቆምሽበት እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ አልነካሁትም። ያን ቀን ራሴ ነኝ የመዘዝኩት። በቦታው የአውቶቡስ ቲኬቴን አስገብቻለሁ።