ያቃናሁት ጃኬት

ጎረቤቴ፣ በሕይወት አለሁ፤ ጉልበቴም እንደምታውቂው ነው።

ልጄ ሥራ የያዘችበት ቤት አሮጌ ልብስ እየቀደዱ አዲስ የሚሰፉበት ነው። እኛ የተጣፈውን ጎናችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ነበር የምንቀመጠው፤ እዚህ መጣፊያውን ደረታቸው ላይ ያደርጉታል።

ትናንት አብሬያት ወደ ሥራዋ ሄጄ ነበርና፣ ልጄ ምሳ ልትበላ ስትወጣ፣ ከሦስት አሮጌ ሱሪ የሠራችውን ጃኬት ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ቀዩ ክር እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ገና ወር ሳይሞላት በዚህ ስፌት ሊያባርሯት ነው ብዬ፣ ፈታሁና ቀጥ አድርጌ ሰፋሁላት።

ስትመለስ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? የሚሸጠው እኮ ጥመቱ ነው። ገዢዋ በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች።»

«እንግዲያው አጣምመዋለሁ» አልኋት። እጄ ግን እምቢ አለኝ፤ ዐርባ ዓመት ቀጥ አድርጎ የሰፋ እጅ በአንድ ቀን አይወላገድም። ሲጨንቀኝ፣ ለትልቋ ልጄ ሠርግ የሰፋሽልኝን ቀሚስ አስታወስሁና ልክ እንዳንቺ ሰፋሁት።

ገዢዋ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች፤ ሁለተኛም አዘዘች። ስምሽን አልነገርኋትም፤ ደግሞ ልትኮሪ።

ለባልሽና ለልጆችሽ ሰላም በይልኝ፤ ለዚያች ምላሰኛ ምራትሽም። ፊደሌ ተጨናነቀ ብለሽ አትሳቂ፤ በስልሳ ዓመቴ የተማርሁት ነው፣ የፖስታ ካርዱም ቦታ አለቀብኝ። ናፍቀሽኛል፤ ይህችን መስመር ለማንም አታንብቢ።