ስለ ጭራ መንጠቆው፣ ለክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለባሕር ኃይል አውሮፕላን አገር በቀል ኢንዱስትሪ ልማት መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር
ሀያትስቪል፣ ሜሪላንድ፤ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በሰላም እንቅልፍ ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎ በቴሌቪዥን ተመልክተን በቤታችን ጌታን አመስግነናል፤ የአውሮፕላኑን ምረቃ ሪባን ሊቆርጡ ጎንበስ ሲሉ ፊትዎ ቅጭም እንኳ አላለም። እኔ ጌጤነሽ እባላለሁ፤ በመሥሪያ ቤትዎ በዋና መሐንዲስነት ያገለገለው የዋቅጅራ ባለቤት ነኝ።

አንደኛ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ እኛን ስደተኞቹን ስለጠሩበት ስብሰባ ላመስግንዎ። የዛሬ አምስት ዓመት በሆቴሉ አዳራሽ ቆመው «መርከብ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ከነቡሎኑ ራሳችን እንሠራለን፤ ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አንጠናም» ሲሉ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ባለቤቴ እንባውን በእጁ ጀርባ ይጠርግ ነበር። ዋቅጅራ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ኩባንያ እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖችን ሲነድፍ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነው። አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ ባሕሩስ የታለ?» ብለው ቢጠይቁዎ፣ «እናቴ፣ አውሮፕላኑ ይሠራ እንጂ ባሕሩን እናመጣዋለን» ብለው አዳራሹን በጭብጨባ አናወጡት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ብደግምለት፣ «ባሕሩ የእነሱ ሥራ ነው፣ የኔ ሥራ አውሮፕላኑ ነው» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ፤ ከኩባንያው አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይዝ፣ በጭንቅላቱ ያለውን ብቻ ይዞ ወደ አገር ቤት ሄደልዎ። ልጃችን ሜሮን በእንግሊዝኛዋ «የመመለሻ ትኬት ቆርጧል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ቆጣ አልኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጡት ወርክሾፕ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ፣ ውስጡ ደግሞ መብራት ያልገባለት አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ማሽን ነበር። ዋቅጅራ ግን አልተማረረም። የተመደቡለትን ወጣት መሐንዲሶች ሰብስቦ «ሙሉ አውሮፕላን እንሠራለን ብለን ራሳችንን አናታልል፤ አንድ ነገር በትክክል እንሥራ» አላቸው። የመረጡት የጭራ መንጠቆውን ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የመርከቡ ወለል ላይ የተዘረጋውን የብረት ገመድ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ፀደንያ የምትባል ልጅ ንድፉን ሠራች፣ ኖህ የሚባለው ብረቱን አቀለጠ። የመጀመሪያው ተሰበረ፣ ሁለተኛውም ተሰበረ። ከብዙ ወራት በኋላ እኔ ሺፍት ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ «ጌጤ፣ ያዘ! አልተሰበረም እኮ!» እያለ ነበር። ከጀርባው የልጆቹ ጩኸት ይሰማል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ሲደሰት ሰምቼው አላውቅም። ለዚያች ስልክ፣ ክቡርነትዎ፣ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ ስለመጣው አውሮፕላን ነው። ተገዝቶ የመጣ፣ የብስ ላይ ብቻ የሚያርፍ፣ መንጠቆ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የሌለው አውሮፕላን ነበር። ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት፣ የሠሪውን ስም አስፋቁት። ከዚያም ምክትልዎ አቶ ፀሐዩ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ እዚያው መሠራቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጥተው «ጋሽ ዋቅጅራ፣ ፊርማ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ እንደሆነ አፍ የለው» አሉት። እሱም «እኛ የሠራነው መንጠቆ ነው፤ እሱን ለሕዝብ አሳዩ፣ እሱ ላይ እፈርማለሁ» አላቸው። አቶ ፀሐዩ ሳቁ። በማግስቱ ጥበቃው በሩ ላይ «ስምዎ የለም» ብሎ መለሰው፤ ልጆቹም ወደየመምሪያው ተበተኑ። ክቡርነትዎ ሪባኑን የቆረጡት በሳምንቱ ነው።

እዚህ ሲመለስ የድሮ ኩባንያው በትሕትና ነበር ያነጋገረው። ለሌላ አገር ጦር የሠራ ሰው ክሊራንስ የሚሉትን የመንግሥት የደኅንነት ፈቃድ እንደማያገኝ፣ ያለ ክሊራንስ ደግሞ በበሩም እንደማያልፍ ነገሩት። አሁን ኤርፖርት አጠገብ የኪራይ መኪና ሲመለስ ጭረት እንዳለው ያያል። ማታ ቤታችን ደጃፍ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከመኪናው ግን ቶሎ አይወርድም። በመስኮት አየዋለሁ፤ አልጠራውም።

ኢንዱስትሪዎ ምንም ለውጭ ገበያ አላቀረበም የሚሉ ሐሜተኞችን እንዳይሰሟቸው። ባለፈው ክረምት ፀደንያ ዲቪ ደርሷት መጣች፤ እኛው ጋ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ሆናለች። በመጣች ሰሞን ሁለቱን ራት ላይ ሳስቀምጣቸው ስለ መንጠቆው ያወራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሥራ እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው፣ ጋሼ። የእርስዎስ?»

«ደህና ነው።»

ከዚያ የወጡን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

ዕድሜዎን እንዲያረዝመው፣ ወንበርዎን እንዲያጸናልዎ፣ የጭብጨባ ድምፅ ከጆሮዎ እንዳይለይ እየለመንኩ፣ ወደፊትም ከእኛ የሚፈልጉት የተረፈ ነገር ካለ እንዳይሳቀቁ በአክብሮት እያሳሰብኩ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ጌጤነሽ፣ የዋቅጅራ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ወንድ ልጅዎ እዚህ ሜሪላንድ የአውሮፕላን ምሕንድስና ሊማር እንደገባ ሰምተን ደስ ብሎናል። ሒሳቡ ከከበደው ወደ ቤታችን ይላኩት፤ ዋቅጅራ ቂም አያውቅም፣ ያስጠናዋል። ሲመረቅ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ይወስዱት እንደሆነ ግን ልጁ ሳይሰማ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።