የአስካለን ነገር ደብቀኸኝ ሄድክ

ለአስካለ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህ በሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳችን ስንገባ ብቻ አንተ እልህ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ እንደ ጓዳችን ነው፤ ደግሞም አንቱ የምልበት ልብ የለኝም። ተናድጄብሃለሁ። በሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይዣለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። እዚህ መቱ ከተማ ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ጣሪያውን አስጠግኜው ማፍሰሱን ትቷል። የጓሮው ቡና ጥሩ ይዟል። የፍርድ ቤት ባልደረቦችህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ምን ያለ ቅን ጸሐፊ አጣን ይሉኛል። እኔ መንገዴን እቀጥላለሁ። ደሲቱም ተመልሳ ቤታችን ገብታለች። አዎ፣ አስካለን ያሳደገችልን፣ አንተ ያሰናበትካት ደሲቱ።

አስካለ ገና ዓመቷ ላይ ያ ክፉ ትኩሳት ሲይዛት፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየተቀባበልን ታቅፈናት እንደሰነበትን ትዝ ይልሃል? ድና ስትነሳ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በፊት ትላቸው የነበሩት እማና አባ የሚሉት ቃላት ግን አብረው አልተነሱም። ልብ አላልንም፤ በሽታው አድክሟት ነው አልን። በከተራ ዕለት አጠገባችን ጠመንጃ ሲተኮስ ሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ሲያለቅሱ፣ እሷ ትከሻህ ላይ ሆና ጭሱን እያየች ሳቀች። ቁርጥ አባቴን ናት፣ ፍርሃት አያውቃትም ብለህ ስንት ቀን አወራህ።

ሦስት ዓመት ሲሞላት እኔ ግትር ናት አልኩ። ምክንያት ነበረኝ። ቤት ውስጥ፣ ጣውላው ላይ እየተራመድኩ ስጠራት ትዞራለች። ግቢ ወጥታ ሣሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብጣራ ዞር አትልም። ስለዚህ ትሰማለች፣ ደስ ሲላት ነው የምትደነቁረው ብዬ ደመደምኩ። ጣውላው ከሥሯ እየተንቀጠቀጠ እንደሚነግራት ማን ይጠረጥራል! ልምጭ ቆረጥኩ። ስንቴ እንደመታኋት አልነግርህም፤ አይተሃል። እኔ ልምጭ ሳነሳ አንተ ባርኔጣህን አንስተህ ትወጣ ነበር። አንጀቱ አልችል ብሎት ነው እል ነበር።

ደሲቱን ያሰናበትካት በዚያው ሰሞን ነው። አስካለ የደሲቱ ኦሮምኛና የእኛ አማርኛ ተደባልቆባት ነው አፏ የተያዘው፣ በአንድ ቋንቋ ትደግ፣ ደሲቱም ወደ አገሯ ወደ ሁሩሙ ትመለስ አልክ። አመንኩህ። የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሁለቱንም እያቀላጠፈ በደጃችን ሲሯሯጥ እያየሁ አመንኩህ። ነጠላዋን በገዛ እጄ አጣጥፌ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ባለፈው ጥቅምት ማር ልገዛ ሁሩሙ ገበያ ሄጄ ደሲቱን አገኘኋት። አገላብጣ ሳመችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ እትዬ፣ ልጅቱ በእጅ ማውራት ለመደች ወይ ብላ ነው። ለምን በእጅ ታወራለች አልኳት። ደነገጠች፤ የማውቅ መስሏት ነበር። ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ከጀርባዋ ሆና በኦሮምኛ ኮቱ፣ ነይ እያለች ስትጠራት አስካለ እንደማትሰማ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ለአንተ ነገረችህ። አንተም ሣሩ ላይ አስቀምጠሃት ከኋላዋ ጣሳ እየደበደብክ ደጋግመህ ሞከርክ፤ አልዞር ስትል ፊትህን ሸፍነህ አለቀስክ። እናቷ ከሰማች ልቧ ይሰበራል፣ አደራ እንዳትነግሪያት አልካት። እሷ አደራህን ጠብቃ ነበር። አንተ ግን አላመንካትም፤ በቋንቋዋ አሳበህ ሰደድካት።

የኔ ልብ እንዳይሰበር! የልጄ ባት ሰንበር እያወጣ የታሰበው የኔ ልብ ነው? አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ አትምቻት፣ አትሰማም ብትለኝ። ይህን ሳትል ከእኔ ጋር በላህ፣ ከእኔ ጋር ጸለይክ። ታመህ እንኳ እጄን ይዘህ ስለ ቡናውና ስለ ጣሪያው ስትናዘዝ ስለ ጆሮዋ አልተናዘዝክም። አንተ ከሞትክ በኋላም እስከዚያ የገበያ ቀን ድረስ ልምጩን አልጣልኩትም። ይህ የኔ ኃጢአት ነው፤ ግን ለብቻዬ እንድሸከመው ጥለኸኝ ሄድክ።

አሁን ቤት ውስጥ ስፈልጋት ወለሉን ረገጥ አደርጋለሁ፤ ውጭ ስትሆን ዞሬ ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። ከደሲቱ ጋር በእጃቸው ሲያወሩ ይውላሉ። ለሁላችንም በእጇ ስም አውጥታልናለች። ደሲቱን ስትጠራ የእጇን አንጓ ይዛ ታዞራለች፤ የደሲቱን አምባር ማለቷ ነው። አንተን ስትል አገጯን እየዳሰሰች ፈገግ ትላለች፤ ጢምህን አልረሳችም። እኔን ስትል ጎንበስ ብላ ባቷን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። መጀመሪያ ስታደርገው ሳቅኩ፤ የሚያሳክካት መስሎኝ። ደሲቱ ግን ገብቷት ፊቷን ስታዞር እኔም ገባኝ።

ስሙን ለውጪልኝ ብዬ አልለምናትም፤ በሠራሁት ነው የሰየመችኝ። አንተንም አልረሳህም። በትኩሳቷ ጊዜ የታቀፍካትን አንተንም፣ ጣሳ ደብድበህ ዝም ያልከውንም አንተን አስታውሳለሁ፤ አንዱን ስል ሌላውን አልጥልም። አስካለም ጢምህን እንዳትረሳ አደርጋለሁ። መቃብርህ ዘንድ ግን እስካሁን አልመጣሁም። የምመጣው ልጄ ሌላ ስም ያወጣችልኝ ቀን ነው።

የአስካለ እናት