መነጽር ያደረገችው ዶሮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
ዳርላ ዛሬ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። "አጎቴ፣ እስከ ቅዳሜ ያቺን ዶሮ ከጣሪያዬ ካላጠፋህ የእሁድ ምሳ የለህም።" ዳርላ ሥራ የዋለች ቀን የጣሪያዋ ቆርቆሮ ላይ የሳልኳት ናት... ቀይ፣ ጣሪያውን የሞላች፣ መነጽር ያደረገች። መነጽሩ የዳርላ ነው። ኩርፊያውም። በኮረብታው መንገድ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ይስቃል። የእህቴ ልጅ ባትሆን ትከሰኝ ነበር።
ግራጫ ቀለም ገዛሁ። ነገ እጀምራለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9
ዘነበ። እሰይ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11
አላባራም። ማምሻውን ዳርላ ደወለች። "ወንዙ አጥሬ ድረስ መጥቷል።"
"አይዞሽ፣ ዶሮዋ ዋና ትችላለች" አልኳት። ሳቀች... ስልኩ ተቋረጠ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12
ድልድዩ የለም። በጫካው ዞሬ በእግሬ ደረስኩ። ቤቷ የለም። ፈርሶ አይደለም... የለም። ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች ብቻ ቆመዋል፣ ወደ ምንም የሚያስወጡ። ወጣኋቸው። ለምን ወጣሁ?
ዶሮዋ ዋና ትችላለች። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

እሁድ፣ ኦክቶበር 13
ከተማው ውስጥ መብራትና ኢንተርኔት ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው። ጉብታ ላይ ስለሆነ ተረፈ። ሰው በመደርደሪያዎቹ መሐል ተኝቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ "ዝም በል" ስትለኝ የኖረችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ብላንተን የጠፉትን ትመዘግባለች። አውሮፕላን ሸለቆውን ከላይ ፎቶ አንስቷል አሉ። በየአገሩ ቤታቸው የተቀመጡ፣ የማያውቁን ሰዎች በኢንተርኔት ተሰባስበው ፎቶውን ቁራጭ በቁራጭ ተከፋፍለው ያዩታል። እሷ መልኩን ጽፋ የምትልክላቸውን ቤት ይፈልጋሉ።
"የጣሪያው ቀለም?" አለችኝ።
"ዶሮ አለበት።"
ጣቶቿ ከቁልፎቹ ላይ ተነሱ። "ሄርሼል፣ ዛሬ እንኳ?"
"መነጽር ያደረገች።"
ፊቴን አየችው። ምን እንዳየችበት እንጃ... ጻፈች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ሚስ ብላንተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮኸች። ስሜን ጠርታ።
ካናዳ የሚኖር አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ጽፏል። "ቀልድ ከሆነ ይቅርታ፤ ጥዶቹ ላይ የተደገፈች፣ መነጽር ያላት ዶሮ ትታየኛለች።" ከዳርላ ደረጃዎች ወንዙን ይዞ ሦስት ማይል ቁልቁል።
ነፍስ አድኖቹ በጀልባ ሄዱ። እኔን አልወሰዱኝም። ቀትር ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተዉት ሬዲዮ ተናገረ፤ አንዲት ሴት፣ ከኮርኒሱና ከጣሪያው መሐል። በሕይወት አለች።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስ ብላንተንም አጠገቤ ተቀመጠች። ማንም ዝም በሉ አላለንም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17
ሆስፒታል። እግሯ ተሰብሯል። አፍጥጣ ኮርኒሱን ታያለች። ሦስት ሌሊት የጣሪያ ቆርቆሮ እንዲህ ስታይ ከርማ፣ አሁንም? የምቀልደው ቀልድ አጣሁ።
"እስከ ቅዳሜ ብዬህ ነበር" አለች።
"ዘነበ።"
ረቡዕ ባይዘንብስ? ጣሪያውን ግራጫ ቀብቼው ቢሆንስ? ጭቃው ግራጫ፣ ውኃው ግራጫ... ማን ያያት ነበር? ስንፍናዬ ነው ያተረፋት? እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

እሁድ፣ ዲሴምበር 1
ምሳ ዳርላ ዘንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሰጣት ተጎታች ቤት። ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ። ዝም ብዬ በላሁ።
"አጎቴ፣ አሞሃል እንዴ? ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አላናደድክም።"
በክራንቿ ተደግፋ ወደ ውጭ መራችኝ። መሰላል ቆሟል። ሥሩ አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም። ሚስ ብላንተን ናት የላከችው። የካናዳው ሹፌርም ፎቶ ይጠብቃል አለችኝ ዳርላ።
"ከነመነጽሩ?"
"ያለ መነጽር ማን ያውቀኛል?"
ወጣሁ። ከጣሪያው ላይ ወንዙ ይታያል፣ ሥርዓት እንዳለው ልጅ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ብሩሹን ነከርኩ። ወደ ታች አየሁ። ዳርላም ወንዙን እያየች ነበር።
"ከቀድሞዋ ተለቅ አድርጋት" አለች።